የቢላዋ እጀታ፦ ወይራ፣ የቡና ግንድ ወይስ ቀንድ?

ጥያቄ፦ ከመኪና ባሌስትራ ቢላዋ እሠራለሁ። ክረምት ላይ ወይራ የገጠምኩላቸው ሁሉ ጥር ሲገባ እንጨቱ ከብረቱ ለቀቀ። ሁለቱ ደግሞ ምስማሩ ጋ ተሰነጠቁ። የምቀይረው እንጨቱን ነው ወይስ ማጣበቂያውን? (ከጅሬን፣ ጅማ)

መልስ፦ ወይራውን አይተዉት፤ ችግሩ ሳይደርቅ መገጠሙ ነው። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በወርዱና በውፍረቱ ግን ይጠባል። ብረቱ ባለበት ይቆያል። እንጨቱ ልሰብሰብ ሲል ሁለቱ ምስማሮች ስለሚይዙት ደካማው ቦታ ላይ ይቀደዳል፤ ደካማው ቦታ ደግሞ የተበሳው ነው።

ወይራውን 14 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4.5 ወርድ፣ 1.5 ውፍረት አድርገው ይሰንጥቁት። በዚያው ቀን ሁለቱን ጫፎች የቀለጠ ሰም ውስጥ ይንከሩ ወይም ቀለም ይቀቡ። ጫፉ ከጎኑ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ውሃ ስለሚያጣ፣ ካልተደፈነ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያ በየመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ከመሬት ከፍ አድርገው ይደርድሩት። ፀሐይ ላይም ምድጃ አጠገብም አያድርጉት፤ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ወይራ ደግሞ ለዚህ ጥፋት ከሌሎቹ ይብሳል።

መድረቁን በዓይን አይገምቱ፤ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑትና ክብደቱን በእርሳስ እንጨቱ ላይ ይጻፉ። በየሳምንቱ ይመዝኑ፤ ለሦስት ተከታታይ ሳምንት ካልቀነሰ ካለበት አየር ጋር ተስተካክሏል። የተለመደው ግምት ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ነው፤ የእርስዎ ቁራጭ ስስ ስለሆነ ጥቂት ወራት ይበቁታል። ሆኖም የጅማ ክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ሐምሌ ላይ ክብደቱ ቢቆምም ኅዳር ላይ እንደገና ይቀንሳል። ስለዚህ እንጨቱን በክረምት ያዘጋጁ፣ የመግጠሙን ሥራ ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ያድርጉት።

በመግጠሙም የሚስተካከል አለ። ወይራ ቅባት ስላለው ማጣበቂያው ከመቀባቱ ጥቂት ደቂቃ በፊት ቅባት በሚያስለቅቀው ፈሳሽ፣ በአሴቶን፣ ይጥረጉት። ብረቱን በቁጥር 80 የብርጭቆ ወረቀት ይቧጥጡ፤ የለሰለሰ ብረት ማጣበቂያ አይይዝም። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ትተው 24 ሰዓት የሚፈልገውን ይግዙ፤ እርጥበትን የበለጠ ይቋቋማል። ሞርሳውን (መቆንጠጫውን) እጅግ አያጥብቁ፣ ማጣበቂያው ተጨምቆ ይወጣና መሐሉ ደረቅ ይቀራል። የብረት ምስማር ደግሞ ዝገቱ ዙሪያውን ያጠቁረዋል፤ 4 ሚሊ ሜትር የነሐስ ወይም የመዳብ ዘንግ ይጠቀሙ። ቀዳዳው ከጫፍ ቢያንስ 1.2 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ዘንጉም በጣት ግፊት የሚገባ እንጂ በመዶሻ የሚቀጠቀጥ አይሁን።

ጥያቄ፦ ወይራ ማግኘት ከብዶኛል። ዋንዛ ወይም የቡና እንጨት ይሆናል? (ከሂርማታ)

መልስ፦ ዋንዛ ለበርጩማ የተመረጠው ቀላልና ሲደርቅ የማይጣመም ስለሆነ ነው፤ ለቢላዋ ግን ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይጎደጉዳል። ባሕር ዛፍ ይጣመማል። ጽድ ደግሞ ሽታው ቢያምርም ምስማር ሲገባ ይሰነጠቃል።

የቡና እንጨት ግን፣ እህታችን፣ ከሚገባው በታች የተናቀ ነው። ጠንካራ፣ ቀለሙ ፈካ ያለ፣ ሲለሰልስ እጅ የሚወደው ነው፤ እዚህ አካባቢ ያረጀ ቡና ሲጎነደል ግንዱ ለማገዶ ይሄዳል። ወፈር ያለውን፣ ከተቻለ ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነውን ይምረጡ። መሐል ለመሐል ያለውን ለስላሳ እምብርት ከነዙሪያው አውጥተው ይጣሉ፤ ቁራጩ እምብርቱን ከያዘ የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ ይሰነጠቃል። የነቀዝ ቀዳዳ ያለበትንም አይውሰዱ፣ ቀዳዳው ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ማድረቁ ከላይ እንዳልነው ነው።

ጥያቄ፦ የበሬ ቀንድ ጠፍጣፋ እጀታ እንዲሆን እንዴት ይቃናል? (ከአጋሮ)

መልስ፦ መጀመሪያ ውስጡ ያለው አጥንት እስኪላቀቅ ቀንዱን ይቀቅሉት። ጫፉ ድፍን ስለሆነ ብረቱ ውስጥ ለሚገባበት እጀታ ያቆዩት፤ ለጠፍጣፋው የሚሆነው ባዶው ክፍል ነው። በርዝመቱ ሰንጥቀው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በፈላ ውሃ ውስጥ ያቆዩትና በሁለት ጣውላ መካከል በሞርሳ ቀስ በቀስ ይጫኑት። በአንድ ጊዜ ካጠበቁት ይቀደዳል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ከፈቱት ደግሞ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ከዚያ ሳምንታት አስቀምጡት፣ ይኮማተራልና 1 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይተዉለት። ሲበሱ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ከመጣ ፑንታው (መብሻው) ግሏል፤ አውጥተው ያቀዝቅዙት። ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ያለ ማስክ አይሞርዱ።

ጥያቄ፦ እጀታውን የምግብ ዘይት ቀባሁት፤ ሳምንት አልፎትም እጅ ላይ ይጣበቃል። (ከጅማ)

መልስ፦ ለምግብ የሚሸጠው የፓልም ዘይት አይደርቅም። በአሴቶን ጠርገው የተልባ ዘይት ይቀቡት፤ ይህ አየር ሲያገኝ ይጠነክራል። በስሱ ይቀቡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንጨቱ ያልጠጣውን በሙሉ ይጥረጉ፣ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ በክረምት ይህ ብዙ ቀን ሊፈጅ ይችላል። አራት አምስት ጊዜ ይድገሙት። የተጠቀሙበትን ጨርቅ ጨብጠው ጥግ ላይ አይጣሉ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ የተጨማደደ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውሃ ውስጥ ነክረው ወይም ደጅ ዘርግተው ያድርቁት።