ሕፃኑ ባይኖርም አራስ ናት፦ ጥያቄና መልስ

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሕፃን በማህፀን ሳለ ወይም ሲወለድ ሲሞት ወላጆችን እንዴት እንደምንይዝ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ ተመራቂ ነርስ ነኝ። የልብ ምቱ ሲጠፋ ለእናትየው ምን ይባላል?

መልስ፦ መጀመሪያ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ያረጋግጥ። ከዚያ ቆማችሁ አትንገሯት። ወንበር ስበሽ አጠገቧ ቁጭ በይ። ባሏ ወይም እናቷ ውጭ ካሉ ይግቡ። “በጣም አዝናለሁ፣ የልጅሽ ሕይወት አልፏል” በሏት። “የልብ ምቱ አይሰማም” ብቻ ከተባለች ሌላ መሣሪያ ይምጣ ትላለች። ከዚያ ዝም በይ። “ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ” የሚባለውን እባክሽ ተዪው። እሷ የምትፈልገው ይሄኛውን ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ ቤተሰቡ “ሕፃኑን አታሳዩዋት” ሲል ምን እናድርግ?

መልስ፦ የሚወስኑት እናትና አባት ናቸው። ቤተሰብ የሚከለክለው ለእሷ አስቦ ነው። ግን አባትየው ሊቀብር ሲሄድ እሷ አልጋ ላይ ትቀራለች፤ ሌላ ጊዜ የላትም። ስለዚህ ጠይቂያት። አልፈልግም ካለች አታስገድጃት፣ ቆይተሽ ግን አንዴ ደግመሽ ጠይቂያት። ከማምጣትሽ በፊት የምታየውን ንገሪያት፦ ገላው ቀዝቃዛ ነው፣ ከንፈሩ ሊጠቁር፣ ቆዳው ሊላጥ ይችላል። ደሙን ጥረጊለት። ያዘጋጀችለትን ልብስ አልብሺው። አንገቱን ደግፈሽ፣ በሕይወት እንዳለ ሕፃን አቅፈሽ አምጪው። አያያዝሽን ታያለች። ስም ካወጡለት በስሙ ጥሪው። ፎቶ ከፈለጉ በስልካቸው አንሺላቸው።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ 3 ቀኔ ነው። ልጄ የለም፣ ጡቴ ግን ወተት ሞልቶ ያመኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የሚደግፍ ጡት ማስያዣ አድርጊ፤ በቀዝቃዛ ጨርቅ ያዢው፤ ፓራሲታሞልም ይረዳል። ሲወጥርሽ ቀለል እስኪልሽ ብቻ ጥቂት አልቢ። አሟጠሽ ካለብሽው ወተቱ ይጨምራል። ማድረቂያ መድኃኒት አለ፤ የደም ግፊት ላለባት ግን አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ያለ ሐኪም እንዳትወስጂ። ትኩሳት ከያዘሽ፣ ጡትሽ ከቀላ ወይም ደም ከበዛብሽ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ሂጂ።

ቤተሰብ ይስማኝ፦ ገንፎውና አጥሚቱ አይቅርባት። ያማጠችው፣ ደም የፈሰሳት እሷ ናት። ሕፃን የለም ብሎ ገና በሳምንቷ ወደ ማጀት መመለስ ግፍ ነው።

ጥያቄ፦ ደሜ ኔጋቲቭ ነው። ልጁ ሞቶ ከተወለደም የሾተላይ መርፌ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አዎ፣ የሕፃኑ ደም ኔጋቲቭ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር። በ72 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥሽ ነው የሚሻለው። በሐዘኑ መሃል ስለሚረሳ አጠገብሽ ያለ ሰው ያስታውስ።

ጥያቄ፦ አባት ነኝ። እኔን ማንም እንዴት ነህ አላለኝም።

መልስ፦ እውነትህን ነው። አባት መድኃኒት ግዛ፣ መኪና ፈልግ ይባላል። አንተም ልጅህን ነው ያጣኸው። እንባህን ከእሷ አትደብቅ፤ ዝም ስትል ያልከፋህ ሊመስላት ይችላል።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ የተለየ ክፍል የለም። ከነሕፃናቸው ከተኙት ጋር ነው የምናስተኛት።

መልስ፦ ጤና ሚኒስቴር “ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ” ሲል የኖረው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ይመስለኛል። ጥግ ያለውን አልጋ ስጧት፣ መጋረጃ ጋርዱላት፣ የምታምነው ሰው አብሯት ይደር። ካርዷ ላይም ምልክት አድርጉ። ተረኛ ሲቀየር ክትባት የሚሰጠው ባለሙያ መጥቶ “ሕፃኑስ የት አለ?” እንዳይላት።