ከተሙ፣ ቆረቆሩ ወይስ መሠረቱ?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ለትምህርት ቤታችን መጽሔት ስለ አዲስ አበባ አጀማመር ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ላይ «በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ አዲስ አበባን ከተሙ» ብዬ ነበር። አንዱ ባልደረባዬ «ቆረቆሩ» ብሎ አረመው፤ ሌላው ሁለቱንም ሰርዞ «መሠረቱ» አለ። የትኛው ነው ትክክል? «ፍልውሃ»ስ ተያይዞ ነው ተለያይቶ የሚጻፈው?

መልስ፦ «ቆረቆሩ» ባሉት ባልደረባዎ እስማማለሁ። «ከተሙ» ግን ያለ ቦታው ገባ እንጂ ቃሉ ራሱ ጥፋት የለበትም።

«ከተመ» የሰፋሪው ግሥ ነው። ሰውየው ጓዙን አውርዶ፣ ድንኳኑን ተክሎ መቀመጡን ይናገራል፤ በዛሬው አጻጻፍ ተሳቢ አያስከትልም። ስለዚህ «ፍልውሃ አጠገብ ከተሙ» ያስኬዳል፣ «አዲስ አበባን ከተሙ» አያስኬድም። «ቆረቆረ» ደግሞ ያለ ተሳቢ አይቆምም፤ ቆርቋሪው ሰው፣ የሚቆረቆረው ከተማ ነው። «መሠረተ» ለሁሉም ያገለግላል፤ ማኅበርም፣ እድርም፣ ባንክም ይመሠረታል። ስሕተት ባይሆንም፣ ቋንቋው ለከተማ ብሎ ያስቀመጠው ግሥ እያለ ወደዚያ መሄዱ አይታየኝም።

የእርስዎ ታሪክ ሁለቱንም ግሦች ይፈልጋል። በዚያ ዘመን ከተማ ማለት በመጀመሪያ የንጉሥ ሰፈር ነበር። ምኒልክ ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ኋላም ወደ እንጦጦ ሲሄዱ ከተማውም አብሮ ተነሣ። እንጦጦ ለጥበቃ የተመቸ ይሁን እንጂ ብርዱና ነፋሱ አያስቀምጥም፤ ማገዶውም እየራቀ ሄደ። መኳንንቱ ከተራራው ወርደው በፍልውሃ መታጠብን ልማድ አደረጉ። ምኒልክ ወደ ሐረር ዘምተው ሳለ ጣይቱ እዚያው አጠገብ ቤት አሠሩ፣ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። እስከዚህ ድረስ «ከተሙ» ቢሉ ማንም አይከስስዎትም። መኳንንቱ በግቢው ዙሪያ ቦታ እየተመሩ፣ ጭፍሮቻቸውም በየአለቃቸው ዙሪያ እየተቀመጡ ሲሄዱ ግን ነገሩ ከተማ መቆርቆር ሆነ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የምንለው ከዚያው የተረፈ ነው፤ «ሰፈር»ም «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የወጣ የጦር ሰፈር ቃል ነው። የመነሣት ልማዱ እንኳ ቶሎ አልለቀቀም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባም ማገዶ ቢያጥራት ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው።

«ቆረቆሩ» ስንል መሬቱ ሰው አልነበረበትም ማለታችን እንዳልሆነም ለተማሪዎችዎ ይንገሩልኝ። ኦሮሞዎች ይኖሩበት ነበር፤ ፍልውሃውንም ፊንፊኔ ይሉት ነበር። ግሡ የከተማውን መጀመር እንጂ የአገሩን መጀመር አይናገርም። በየምረቃው «ባዶ ሜዳ ላይ ተቆረቆረች» የሚሉ ተናጋሪዎች ያልተባለውን ጨምረዋል።

አንድ ሌላ ስሕተት ላንሣ፣ በየመጽሔቱ ስለማየው። የከተማ መሥራች «ቆርቋሪ» ነው። «ተቆርቋሪ» ደግሞ የሚያስብለት፣ የሚጨነቅለት ሰው ነው። «ጣይቱ የአዲስ አበባ ተቆርቋሪ ናቸው» ብሎ የጻፈ ሰው ጥሩ ነገር ተናግሮላቸዋል፣ ሊል ያሰበውን ግን አላለም። የሥራው ስም «ቁርቆራ» ወይም «አቆራቆር» ነው።

እግረ መንገዴን፣ በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ ጣይቱም «እቴጌ» የተባሉት በ1882 ዓ.ም. ነው። ለታሪክ መምህር ይህን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ማዕረጉን ወደ ኋላ ወስዶ መጥራት የተለመደ ስለሆነ ዓረፍተ ነገርዎን አላርመውም። እንዲህ ቢያደርጉት ግን ደስ ይለኛል፦ «በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ከትመው አዲስ አበባን ቆረቆሩ።»

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ የአዲስ አበባው ፍልውሃ የቦታ ስም ስለሆነ አያይዘው ይጻፉት። ስለ ውሃው ዓይነት ሲሆን፣ ለምሳሌ «በወሊሶም በሶደሬም ፍል ውሃ አለ» ሲሉ፣ ቢለያዩት ይሻላል፤ «ፍል» «ፈላ» ከሚለው የወጣ ቅጽል ነውና። ሲበዛም «ፍል ውሃዎች» ነው፤ «ፍሎች ውሃ» ብሎ የጻፈ እስካሁን አልገጠመኝም።