የወታደር ጡረታ በእጅ አዙር ሲቀነስ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ወታደር ነው። አገልግሎቱ 20 ዓመት ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ጡረታው ሲከበርለት እፎይ እንላለን ብለን ነበር። አሁን ግን መንግሥት ወጪ እቀንሳለሁ እያለ ነው። ባልደረቦቹ «ደመወዙም ጡረታውም መቆረጡ አይቀርም» ይላሉ፣ እሱ ደግሞ «ወታደርን ማን ደፍሮ ይነካል» ብሎ ይስቃል። ማንን ልመን? (ስሜ ይቅር)

መልስ፦ እህቴ፣ ወታደርም ይነካል። ግን ፊት ለፊት መንካት ስለሚያስፈራ አብዛኛውን ጊዜ በጎን ነው የሚመጡበት።

ፊት ለፊት የሞከሩት ምን እንደገጠማቸው ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1931 የብሪታንያ መንግሥት ገንዘብ አጥሮት ከእሱ ደመወዝ የሚበሉትን ሁሉ ክፍያ ሲቆርጥ፣ ዱላው የከበደው በባሕር ኃይሉ ተራ መርከበኛ ላይ ነበር። በቀን 4 ሺልንግ ያገኝ የነበረው ነባር መርከበኛ ወደ 3 ሺልንግ እንዲወርድ ተወሰነ። ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ሌላው አብዛኛው ሰው የተቆረጠበት ግን 10 በመቶ አካባቢ ነው። ይባስ ብሎ ብዙዎቹ ወሬውን የሰሙት ከአለቆቻቸው ሳይሆን ከጋዜጣና ከሬዲዮ ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ኢንቨርጎርደን ላይ መልሕቅ የጣሉት መርከቦች መርከበኞች «ሥራ አንሠራም» አሉ። አድማው ሁለት ቀን ብቻ ነው የቆየው። መንግሥትም ቅነሳውን ወደ 10 በመቶ መለሰ። ገበያው ግን ደንግጦ ስለነበር ሳምንት ሳይሞላ ብሪታንያ ፓውንዷን ከወርቅ ጋር ያሰረችበትን ሥርዓት ለመተው ተገደደች።

ከዚያ ወዲህ የበጀት ሰዎች ብልጥ ሆነዋል። ደመወዙን ትተው ቀመሩን ነው የሚነኩት።

አንዱ መንገድ ለኑሮ ውድነት በየዓመቱ የሚጨመረውን ማስተካከያ መሸረፍ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 የአሜሪካ ኮንግረስ ያጸደቀው የበጀት ሕግ፣ ዕድሜያቸው ከ62 በታች የሆኑ ወታደራዊ ጡረተኞች ከሚያገኙት ዓመታዊ ማስተካከያ ላይ አንድ የመቶኛ ነጥብ ይቀነስ አለ። አንድ ነጥብ! ለአንድ ነጥብ ማን ይጮኻል? ግን ወታደር እኮ ገና በ40ዎቹ ዕድሜው ነው ጡረታ የሚወጣው፣ ስለዚህ ሕጉ ሥራ ላይ ቢውል ያቺ አንድ ነጥብ እየተጠራቀመች ሃያ ዓመት ትከተለው ነበር። ዛሬ 100 የሚከፈለው ሰው፣ ኑሮ በየዓመቱ 3 በመቶ ቢወደድ ከ20 ዓመት በኋላ 181 ገደማ ሊደርሰው ይገባ ነበር። ማስተካከያው 2 በመቶ ከሆነ ግን 149 ላይ ይቀራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ተቀነሰብህ» የሚል ወረቀት አንድም ቀን አይደርሰውም። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2011 ጀምሮ የጡረታ ማስተካከያውን የምታሰላበትን የዋጋ መለኪያ ቀይራለች፣ አዲሱ መለኪያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከድሮው ዝቅ ይላል።

ሌላው መንገድ ገና ያልተቀጠረውን ሰው መቁረጥ ነው፣ እሱ መቼም ቀርቦ አይከራከርም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ባስጀመረችው አዲስ ሥርዓት 20 ዓመት ያገለገለ ወታደር የሚያገኘው የጡረታ ስሌት ከመሠረታዊ ደመወዙ 50 በመቶ ወደ 40 በመቶ ወርዷል። በምትኩ መንግሥት በቁጠባ ሂሳቡ ላይ ያዋጣለታል። ነባሮቹ በአሮጌው እንዲቀጥሉ ተፈቅዶላቸዋል። ባልሽ 18 ዓመት ስላገለገለ እንዲህ ያለው ለውጥ ብዙም አያሰጋው ይሆናል፣ ብቻ «ነባር» የሚባለው እስከ መቼ የተቀጠረ እንደሆነ ሕጉ ሲወጣ ቀኑን አንብቡ።

እኔ አንቺን ብሆን ይበልጥ የምፈራው አበልን ነው። ዛሬ ማታ ባልሽን «ከሚደርስህ ውስጥ መሠረታዊ ደመወዝህ ስንት ነው?» በዪው። ጡረታ በብዙ አገር የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ የመስክ፣ የቤት፣ የምናምን አበል አይቆጠርም። ገንዘብ ያጠረው መንግሥት «ጨመርንላችሁ» ብሎ በአበል በኩል ከጨመረ፣ የዛሬ ኪሱ ሞላ ይላል፣ ጡረታው ግን ንቅንቅ አይልም። ጭማሪ በመጣ ቁጥር በየትኛው መስመር ላይ እንደገባ ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። እኛ እንደ ሌላው ሠራተኛ አድማ አንመታ፣ ማኅበር የለን። የተቆረጠብን ነገር በፍርድ ቤት ይመለሳል? ወይስ ሰሚ የለም? (አንድ የቀድሞ ሻምበል)

መልስ፦ ጋሼ፣ ሊመለስ ይችላል፣ ግን ዕድሜ ይጠይቃል። ግሪክ በዕዳ ቀውሷ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ባወጣችው ሕግ የጦሩንና የፖሊሱን ደመወዝ ቆረጠች፣ ያውም ወደ ኋላ ሄዳ ከኦገስት ጀምሮ። ጉዳዩ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በ2014 «ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» ተብሎ ተወሰነ። ሰዎቹ ረቱ፣ ግን መንግሥት መጀመሪያ የመለሰው ግማሹን ብቻ ነበር። እና ሌላ ክስ።

ፈጣኑ መንገድ ለምክር ቤቱ መጮህ ነው፣ በተለይ ሕጉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት። ቅድም ያነሳኋት የአሜሪካዋ አንድ ነጥብ ተግባራዊ የምትሆነው እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ነበር። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ወዲያው ተነሡ፤ በመጀመሪያ ለአካል ጉዳተኞችና ወታደር ለሞተባቸው ቤተሰቦች ቀረላቸው፣ በፌብሩዋሪ 2014 ደግሞ ከዚያ ዓመት በፊት ለተቀጠሩት ሁሉ ተሰረዘ። ሁለት ወር ገደማ ነው የፈጀው። ማኅበር የለንም ላሉት፣ ጡረተኛ እንደ በሥራ ላይ ያለ ወታደር አይደለም፣ በብዙ አገር መደራጀትና አቤቱታ መፈረም ይችላል።

ክስ ካሰቡም የጡረታ ውሳኔ ደብዳቤዎን፣ የመጨረሻዎቹን ወራት የደመወዝ ወረቀትና ክፍያው የተቀየረበትን ወር የሚያሳይ የባንክ መግለጫ አሁኑኑ ያሰባስቡ። የአቤቱታ ቀነ ገደብ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፣ መቁጠር የሚጀምረውም ቅነሳው በደብዳቤ ከተነገረዎት ቀን ሊሆን ስለሚችል ፖስታውን ከነማኅተሙ አይጣሉት።