ከዜማው በፊት ቅርፁ፦ ስለ ተማሪዎች የቡድን ድርሰት ለቀረበው ጥያቄ
መምህርት፣ ተማሪዎችዎ በስድስት በስድስት ተቧድነው ሲደርሱ ሐሳብ እንደማያጥራቸው፣ ነገር ግን ሁሉም ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድ ላይ ስለሚጫወቱ ሥራው ቅርፅ እንደማይይዝና መቋጫው እንደሚጠፋባቸው ጽፈዋል። በማስተማር ዘመኔ እንዳየሁት፣ የዚህ መነሻው የዜማ እጥረት ሳይሆን ዝምታም የድርሰቱ አካል መሆኑን ልጆቹ አለማወቃቸው ነው፤ ስለዚህ መሣሪያ ከመያዛቸው በፊት «ማን መቼ ዝም ይላል?» የሚለውን እንዲወስኑ አደርጋለሁ።

ለጀማሪ የምመርጠው ሮንዶ የሚባለውን የድርሰት ቅርፅ ነው፦ ሁሉም የሚጫወቱት «ሀ» እየተመላለሰ፣ በመካከሉ ሁለት ሦስት ልጆች ብቻ የሚጫወቷቸው «ለ» እና «ሐ» ይገባሉ። እያንዳንዱ ክፍል ባለ 4 ምት 8 ባር (ባር ማለት እኩል ምቶች የያዘ አንድ የምት ቡድን ነው)፣ ፍጥነቱም በደቂቃ 80 ምት ከሆነ፣ አንዱ ክፍል 24 ሰከንድ፣ አምስቱ (ሀ-ለ-ሀ-ሐ-ሀ) ልክ 2 ደቂቃ ይሆናሉ። ይህንን በትልቅ ወረቀት ላይ በሠንጠረዥ ያሠሯቸው፤ ዓምዶቹ ክፍሎቹን፣ ረድፎቹ ተጫዋቾቹን ያሳያሉ፤ የሚጫወቱበት ሣጥን ይቀለማል፣ ዝም የሚሉበት ባዶ ይቀራል። የመጀመሪያው ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ተቀልሞ መምጣቱ አይቀርምና ከየረድፉ ቢያንስ አንድ ሣጥን እንዲያስለቅቁ ይጠይቋቸው። በ«ለ» ዝም እንዲል የተወሰነበት አንድ ከበሮ መቺ 32ቱን ምት በጣቱ ጉልበቱ ላይ እየቆጠረ ጠብቆ ሲመለስ፣ ያ «ሀ» ከመጀመሪያው ይልቅ ጉልበት ነበረው፤ የመታው ግን ያንኑ ነበር።

ለድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ይበቃሉ። በዛይሎፎን (የእንጨት ሰሌዳዎቹ በዘንግ የሚመቱ መሣሪያ) ላይ የፋ እና የሲ ሰሌዳዎች ሲነሱ የግማሽ ድምፅ ርቀቶቹ፣ ማለትም በድምፆች መካከል ያሉት እጅግ ጠባብ ርቀቶች፣ አብረው ስለሚወገዱ፣ በአንድ ላይ የተመቱ ድምፆች እምብዛም አይጋጩም። ይሁንና ይህ ምቾት ያታልላል፤ ጆሮ ስላልተጎዳ ብቻ ድርሰቱ ያለቀ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አንድ ልጅ ባለ 2 ባር አጭር ሐረግ ሳይለውጥ እየደጋገመ ሌሎቹ በላዩ ላይ የየራሳቸውን ዜማ እንዲፈልጉ ማድረግ ከዚህ ስንፍና ያወጣል።

መቋጫውን አስቀድመው ያስለምዷቸው፤ በአንድ ምት ላይ አብሮ ማቆም ወይም አንድ በአንድ መውጣት ሁለቱም ይሠራሉ። ቀስ በቀስ ድምፅ ማክሰሙን ግን ባይፈቅዱላቸው እመርጣለሁ፤ ልጆቹ የሰሙት በቀረጻ ላይ ነው፣ እዚያ ደግሞ የሚያከስመው ተጫዋቹ ሳይሆን ባለሙያው በማሽን ነው። ክርክር ሲነሳ እያንዳንዱ ሐሳብ ከመፈረዱ በፊት አንድ ጊዜ ይጫወት። በመጨረሻም በስልክ ቀርጸው ሲያዳምጡ «ወደዳችሁት?» ከማለት «የቱ ላይ ሰለቻችሁ?» ብለው ቢጠይቁ፣ የሚታረመውን ክፍል በወረቀቱ ላይ ራሳቸው ይጠቁሙዎታል።