ነፋሱ መጀመሪያ ፍጥነት ሲሰጣችሁ ተጠንቀቁ
አብራሪ ለመሆን ለምትዘጋጁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ሞተሩንና መሣሪያውን ለማወቅ ትጓጓላችሁ፤ ደግ ነው። ከዚያ እኩል ግን ከነጎድጓዳማ ደመና ሥር የሚወርደውን ነፋስ አጥኑ፤ በሙያው ማይክሮበርስት ይባላል።

በደመናው ውስጥ ዝናብና በረዶ ሲወርዱ አየሩን ይዘውት ይወርዳሉ። ዝናቡ ሲተን አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ቁልቁል ይፈጥናል፤ መሬት ሲደርስም በየአቅጣጫው ይበተናል። ስፋቱ ከ4 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ይከስማል። ስለዚህ ከፊታችሁ የነበረው አውሮፕላን በሰላም አረፈ ማለት እናንተም ታርፋላችሁ ማለት አይደለም።

ለማረፍ የተቃረበ አውሮፕላን መጀመሪያ የሚያገኘው የፊት ነፋስ ነው። የፍጥነት መለኪያው ከፍ ይላል፣ አፍንጫው ቀና ይላል፤ ትርፍ ፍጥነት የተገኘ ይመስልና እጅ ትሮትሉን፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ፣ ወደ ኋላ ይስባል። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ቁልቁል ነፋሱ ይጫነዋል፣ ወዲያው ነፋሱ ከጀርባ ይዞራል። 30 ኖት (በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ) የፊት ነፋስ ወደ 30 ኖት የኋላ ነፋስ ሲለወጥ እስከ 60 ኖት ይታጣል፤ የቀነሳችሁት የጄት ሞተር ደግሞ ሙሉ ኃይሉን ለመስጠት ሰከንዶች ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1975 በኒው ዮርክ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ የተከሰከሰውን ቦይንግ 727 መርምረው የዚህን ነፋስ ጠባይ ያስረዱት የአየር ጠባይ ተመራማሪው ቴድ ፉጂታ ናቸው። ኦገስት 2 ቀን 1985 ግን በዳላስ ሌላ አውሮፕላን፣ ሎክሂድ ኤል-1011፣ በዚያው ዓይነት ነፋስ ወደቀ። መርማሪዎቹ አብራሪዎቹ መብረቅ እያዩ ወደ ደመናው መግባታቸውን ጠቀሱ፤ ማምለጫው ላይ በቂ ሥልጠና አለመሰጠቱንም አልሸሸጉም። ይህን ሁለተኛውን አትርሱ፤ ሥልጠናውን ጠይቁ።

ራዳሩ የሚያሳየው ዝናብን ነው። ኃይለኛ ዝናብ ከኋላው ያለውን ይጋርዳል፤ በራዳሩ ላይ ከባድ ዝናብን ከሚያሳየው ቀይ ጀርባ ያለው ጥቁር ባዶ ሰማይ መስሎ አያታልላችሁ። ከከባድ የነጎድጓድ ማዕበል ቢያንስ 20 የባሕር ማይል (37 ኪሎ ሜትር ገደማ) ራቁ። ለ30 ደቂቃ መጠበቂያ የሚበቃ ተጨማሪ ነዳጅ ከመነሻችሁ ጫኑ፤ ነዳጁ ያነሰው አብራሪ ማዕበሉ እስኪያልፍ መታገሥ ይከብደዋል።

ከገባችሁበት ግን ለማሰብ ጊዜ የለም፦ ሙሉ ኃይል፣ ክንፍ ቀጥ፣ አፍንጫ ወደ 15 ዲግሪ ገደማ፣ ወይም የአውሮፕላናችሁ መመሪያ የሚያዘውን። ጎማውንም ፍላፑንም (የክንፉን ተዘርጊ ክፍል) አትንኩ፤ ጎማው ሲታጠፍ የሚከፈቱት በሮች ራሳቸው አየር ይይዛሉ። ረዳት አብራሪው ከፍታውን ጮክ ብሎ ይንገር።

ስትወጡም ወዲያው ለመቆጣጠሪያ ማማው በቁጥር ተናገሩ፦ «በ500 ጫማ ላይ 25 ኖት አጣን» በሉ። «ትንሽ ነፋስ አለ» የሚለው ቃል ከኋላችሁ ለሚመጣው አብራሪ ምንም አይነግረውም።