ተማሪዬን የግብፅ ተደራዳሪ ላድርገው?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ዓባይ ስናስተምር ክፍሉ በሙሉ አንድ ወገን ይይዝና ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ልጆቹ አገራትን ወክለው በኢንተርኔት እንዲደራደሩ አሰብኩ። ግን ያላቸው ስልክ ብቻ ነው፣ እሱም ሁሉም ጋ የለም። ይሆናል?
(መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ መምህር፣ በደንብ ይሆናል። እኔ ተማሪዎቼን የማደራድረው በቴሌግራም ነው። ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ዳታ አይበላም። ኔትወርክ ያስቸገረውም ማታ ገብቶ ይመልሳል። ስልክ የሌለውን ካለው ጋር አጣምሩት፣ አንድ ሚና ለሁለት ይያዙ።

ለኢትዮጵያ፣ ለግብፅና ለሱዳን አንዳንድ ዝግ ግሩፕ ይክፈቱ። ሌላ አንድ ደግሞ ሦስቱም የሚገናኙበት። ለየቡድኑ አገሩ የሚፈልገውን፣ የሚፈራውንና የማይለቀውን በአንድ ገጽ ጽፈው ይስጡ። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 በዓባይ ውኃ ላይ የተፈራረሙት ስምምነት በዓመት ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሰጥቶ ለኢትዮጵያ ምንም እንዳላስቀረ ይግባ። ግብፅ ከዓባይ ሌላ ይህ ነው የሚባል ውኃ እንደሌላትም ይግባ። ሱዳንን ለጎበዞቹ ይስጡልኝ። የሕዳሴው ግድብ ጎርፍ ይቀንስላታል፤ ግን ውኃ ሳይነገራት ከተለቀቀ ሮዛሪስ ግድቧ እታች ነው ያለው። ከሁሉም የሚከብደው ሚና የእሷ ነው።

ስለ ሕዳሴው ሲነሳ ከወንበሩ የሚነሳውን ልጅ ደግሞ ግብፅ ያድርጉት። እኔ ጋ እንዲህ ያለ የጎጃም ልጅ ነበር። መጀመሪያ ሚናውን እንደ ቅጣት ነው ያየው። በኋላ የኢትዮጵያ ቡድን «ድርቅ ከመጣ እንነጋገራለን» ብሎ ሲጽፍ፣ እሱ ማታ ላይ «እንነጋገራለን ማለት ስንት ሜትር ኩብ ነው?» ብሎ መለሰ። ኢትዮጵያዎቹ ጠዋት መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ሦስቱ አገራት ስለ ግድቡ ካርቱም ላይ የፈረሙትን የመርሆዎች ስምምነት አውጥተው ማንበብ ያዙ። 10 መርሆዎች አሉት፤ በድርቅ ጊዜ ይህን ያህል ይለቀቅ የሚል ቁጥር ግን የለውም። ያን ሰነድ ለፈተና እንኳ እንዲህ አላነበቡትም! ክፍል ውስጥ እጅ አውጥታ የማታውቅ ልጅም ረጅሙን መልስ የጻፈችው በዚያ ሰሞን ነው። አስባ፣ ሰርዛ፣ እንደገና ለመጻፍ ጊዜ ነበራትና።

አንድ ነገር አደራ። «ልጁ ለግብፅ ተከራከረ» የሚል ስክሪንሾት ፌስቡክ ላይ ቢወጣ ልጁም እርስዎም ትቸገራላችሁ። ለርዕሰ መምህሩና ለወላጆች አስቀድመው ይንገሩ። እያንዳንዱ መልእክት «የትምህርት ልምምድ» ብሎ ይጀምር፤ ልጆቹም በስማቸው ሳይሆን በሹመታቸው ይፈርሙ።

ድርድሩ ሲያልቅ እንዳይበትኗቸው። ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ነው። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይስጡትና በአካል ያነጋግሯቸው። መጀመሪያ ከሚናቸው ይውጡ፣ በየራሳቸው ስም ይጠሩ። «ማን አሸነፈ?» አይበሏቸው። «መልስ ያጣችሁለት ጥያቄ የቱ ነው?» ይበሏቸው። ማርክም ሲሰጡ ለዚያ ጥያቄ ቆይቶ መልስ ፈልጎ ለመጣው ይስጡ።