ግንድ ላይ ስለሚለጠፈው የዛፍ ሽበት ጠይቁኝ

ከቡራዩ፣ ከአቃቂና ከሱሉልታ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ወደ መልሱ ልግባ።

ጋሼ፣ ግቢያችን ያለው ጽድ ላይ ግራጫ ነገር ተለጥፎበታል። በሽታ ነው? ልፋቀው? (ከቡራዩ)

ኧረ አትፋቂው! የዛፍ ሽበት ነው፤ በሳይንሱ ላይከን ይባላል። ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት ነው። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ፈንገሱ ያስጠልለዋል። ሥር የለውም፤ ዛፉንም አይመጥም። ስትፍቂው የሚጎዳው የዛፉ ልጥ ነው።

የዛፍ ሽበት ካለ አየሩ ንጹሕ ነው ይባላል። እውነት ነው? (ከአቃቂ)

እንደ ዓይነቱ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ላይከን ውኃውንም ምግቡንም የሚያገኘው ከዝናብና ከአየር ነው። አየሩ መርዝ ከያዘ መርዙም አብሮ ይገባል። ፊንላንዳዊው የላይከን ተመራማሪ ዊልያም ኒላንደር እ.ኤ.አ. በ1866 ይህን ፓሪስ ላይ ጽፎታል፤ በአንድ የከተማዋ መናፈሻ ያገኛቸውን ላይከኖች ሌላው ሰፈር ላይ አጣቸው።

ሌካኖራ ኮኒዛዮይደስ የተባለው ግን የተገላቢጦሽ ነው። የእንግሊዝና የመካከለኛው አውሮፓ ከተሞች በድንጋይ ከሰል ጭስ ሲታፈኑ ሌሎቹ ሞቱ፣ እሱ ግንዱን ሁሉ ወረሰ። ከጭሱ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ልጡን አሲዳማ ያደርገዋል፤ እሱ ደግሞ አሲድ ይስማማዋል። ገላው ውኃን ስለሚገፋ መርዙም በቀላሉ አይዘልቀውም። ጠጋ ብለው ሲያዩት አረንጓዴ የቀላቀለ ግራጫ ነው፤ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። መሐሉ ላይ ጠርዛቸው የነጣ ጥቃቅን ክብ ነገሮች ይታያሉ።

ስለዚህ ግንዱ ተሸፍኗል ብለን አየሩ ደህና ነው ማለት አንችልም። የትኛው ነው የሸፈነው? መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

አሁንስ እዚያ አለ?

ከሰሉ ሲቀንስና አየሩ ሲጸዳ ከብዙ ቦታ ጠፋ። በምትኩ ናይትሮጅን የሚወዱት መጡ፣ ለምሳሌ ቢጫዋ ዛንቶሪያ።

እኛ ሰፈር ፋብሪካው አጥር ላይ ባለው ዛፍ ያየሁት እሱ ይሆን? (ከአቃቂ)

በመልኩ ብቻ እሱ ነው አትበል፤ ግራጫ ሆነው ግንድ ላይ የሚለጠፉ ዝርያዎች እጅግ ብዙ ናቸው። በማይክሮስኮፕና በኬሚካል ሳይመረመር አይለይም። ደግሞ የእኛ ጭስ ሌላ ነው፤ የመኪና፣ የማገዶና የከሰል፣ የሚቃጠል ቆሻሻ፣ አቧራው ሲጨመርበት። እንግሊዞቹ ሆክስዎርዝና ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጡት፣ ግንድ ላይ ባለው የላይከን ዓይነት የአየር ብክለትን የሚገምት መለኪያ ለአገራቸው ዛፍና ጭስ የተሠራ ነው። እንዳለ አምጥቶ አቃቂ ላይ መለጠፍ ልክ አይመስለኝም።

ባሕር ዛፍ ላይ ለምን አይታይም? (ከሱሉልታ)

ልጡን እየላጠ ስለሚጥል ነው። ላይከን በዓመት የሚያድገው ሚሊሜትሮች ቢሆን ነው፤ ሳይደላደል ከልጡ ጋር ይወድቃል። አየሩን በባሕር ዛፍ አትፍረጂ።

ልጆቼን ይዤ ማየት ብፈልግ ከየት ልጀምር?

መናገሻ ሱባ ሂድ። ያረጁ ጽዶች ላይ እንደ ጢም የተንጠለጠለውን አሳያቸው፤ ኡስኒያ ነው፣ የተበከለ አየር አይችልም። ከዚያ መንገድ ዳር ያለ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገብታችሁ የዚያኑ ያህል ውፍረት ያለው ጽድ ፈልጉ። አጉሊ መነጽር ያዙ፣ ውኃም ጠብ አድርጉበት፤ ሲርስ አልጌው ስለሚታይ አረንጓዴ ይሆናል። ስታነጻጽሩ ግን ጽድን ከጽድ፣ ወይራን ከወይራ ይሁን፤ የልጣቸው አሲድነት ይለያያል።